ስትወጪ ነበር ወይስ ስትወርጂ?

ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ስማር ቆየሁ። እንዲህ የተማረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እንቅልፍ ይጎድላል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሌላው ቀን አይለይም፣ "መቼ ነው የምትጨርሺው?" የሚለው ጥያቄ ያስፈራል። በመጨረሻ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ አስተካክይ ተብዬ ተመልሶብኛል። መልሼ ካስገባሁት በኋላ ኢሜይሌን በከፈትኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሽ ነበር።

መልሱ የደረሰኝ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ እየወጣሁ ሳለ ነው። ቆም ብዬ አነበብኩት። ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ስብሰባ ገባሁ። ስብሰባው ተጀምሮ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ አጠገቤ ለምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። "ውይ፣ እንኳን ደስ አለሽ!" አለች፤ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ትንሽ ቆይታ "ደሞዝ ይጨምሩልሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለቅርብ ጓደኛዬ ደወልኩ። "ጎበዝ! በቃ ሦስተኛውን ዲግሪ ቶሎ ጀምሪ፤ አንዴ ከቀዘቀዝሽ አትመለሺበትም" አለኝ። ሁለቱም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ግን ሲመሽ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ነገር የተከፈለ ሂሳብ መስሎ ታየኝ። አለቀ፣ ተዘጋ።

ማታ አክስቴ ደወለች። የደወለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳዩን ጨርሰን ስልኩን ልንዘጋ ስንል "እትዬ፣ ያ ትምህርቴ እኮ አለቀ፤ ጽሑፉን ተቀበሉኝ" አልኳት።

"ቆይ!" አለች። "ቆይ፣ ቁጭ ልበል።" ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። "በይ አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

## ደረጃው ላይ

አክስቴ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የላትም። ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ፣ ስንት ውጤት እንዳገኘሁ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

"የት ሆነሽ ሰማሽ?"

"መሥሪያ ቤት። ደረጃ ላይ ነበርኩ።"

"ስትወጪ ነበር ወይስ ስትወርጂ?"

ሳቅኩ። ከዚያ ዝም አልኩ፤ ለመመለስ ማስታወስ ነበረብኝ። ስወጣ ነበር። በቀኝ እጄ ስልኩን፣ በግራዬ የደረጃውን መደገፊያ ይዣለሁ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው "ይቅርታ" ሲለኝ ግድግዳውን ተጠግቼ አሳለፍኩት። ይህን ሁሉ እየነገርኳት ነው የማስታውሰው። እሷ ከመጠየቋ በፊት አንዱም ትዝ አላለኝም ነበር።

"ማን ነበር አብሮሽ?"

"ማንም።"

"ውይ ልጄን! ብቻሽን? ታዲያ እግርሽ አልተብረከረከም?"

ተብረክርኳል። ለዚህ ነበር መደገፊያውን የያዝኩት።

"ደብዳቤውን ከመክፈትሽ በፊት ምን አሰብሽ?"

"እንደገና የመለሱብኝ መስሎኝ ነበር።"

"ፈርተሻላ።"

"አዎ እትዬ፣ ፈርቼ ነበር።"

"አየሽ! ፈርተሽም ከፈትሽው" አለችኝ።

እዚህ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። እንባዬ መጣ። ጠዋት ደረጃው ላይ ሊደርሰኝ ይገባ የነበረው ደስታ ሲመሽ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ደረሰኝ። አክስቴም መስመሩ ላይ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ምክር አልሰጠችኝም። ስለ ደሞዝም፣ ስለ ቀጣዩ ትምህርትም አላነሳችም። ሲቀለኝ "ከዚያስ?" አለች፤ እኔም ከዚያ የሆነውን ነገርኳት።

## ሐሳብ የሌለበት ቦታ

ነገሩ ሰንበት ብሎም አልለቀቀኝም። ያው ወሬ ነው። ያው ቀን ነው። የነገርኳቸው ሦስቱም ሰዎች ለእኔ መልካም የሚመኙ ናቸው። ታዲያ ሁለቱ ጋር የሟሸሸው ነገር አክስቴ ጋር ሲደርስ ለምን ነፍስ ዘራ?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ "ይበልጥ ስለምትወደኝ ነው" የሚል ነበር። ግን አልተዋጠልኝም። ጓደኛዬም ይወደኛል፤ ታምሜ በሌሊት ስደውልለት የሚመጣው እሱ ነው። ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ይመስለኛል። ባልደረባዬ ወደ ደሞዙ ወሰደችኝ፤ ጓደኛዬ ወደ ቀጣዩ ዲግሪ ወሰደኝ። አክስቴ ግን ወደ ደረጃው መለሰችኝና እዚያው አቆየችኝ።

ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ሰዎችን በየዕለት ኑሯቸው መሀል ድንገት ይጠይቃሉ፤ አሁን ምን እያደረግህ ነው? ሐሳብህ የት ነው? ምን ይሰማሃል? ከተሰበሰቡት መልሶች 46.9 በመቶው ላይ የሰዎቹ ሐሳብ ከያዙት ነገር ውጭ ነበር። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ በሄደ ጊዜ ደግሞ ደስታቸው ዝቅ ያለ ነበር። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሐሳባቸው ወደ ደስ የሚል ነገር ሲሄድ እንኳ፣ ደስታቸው በያዙት ነገር ላይ ልባቸው ካለበት ጊዜ አልበለጠም።

እኔም ደረጃው ላይ የነበረው እግሬ ነው፤ ሐሳቤ ቀድሞኝ ስብሰባው ውስጥ ተቀምጧል። ብዙዎቻችን "ደስታ የለኝም" ስንል ነገሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ደስ የሚለው ነገር መጥቷል፤ በር ላይ የሚቀበለው ሰው አላገኘም። መከራ እንዲህ አይደለም። መከራ ራሱ ያስቆማል፣ ራሱ ያስቀምጣል፣ እንቅልፍ ነስቶ ያነጋግራል። ደስታ ግን ካላስቀመጡት የሚቆይ እንግዳ አይደለም።

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚባለው እውነት ነው። ይህን ከሚያሳዩት የታወቁ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ትልቅ ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ሎተሪ የወጣላቸው ሰዎች ደስታ ከሌሎቹ ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉን ነገር በእሱ መደምደም አይገባም። እኔ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ በጥናቱ ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ናት። ተመራማሪዎቹ ስለ ተራ ደስታዎች ጠይቀዋቸው ነበር፦ ከጓደኛ ጋር ማውራት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀልድ መስማት፣ መጽሔት ማንበብ፣ መመስገን። ባለ ሎተሪዎቹ ከእነዚህ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ነገር ሲመጣ ትንንሾቹ ጣዕማቸው ቀነሰ። ይህ ለእኔ ከገንዘቡ ጉዳይ በላይ ያሳስበኛል፤ ዕድሜያችንን የምንጨርሰው በትንንሾቹ ውስጥ ነውና።

## ከፍትፍቱ ፊቱ

ስለ ሰው ለሰው ግንኙነት ብዙ ተብሏል። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት ለአሥርት ዓመታት እየተከታተለ ያጠናውን ጥናት ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ መልካም ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በዕድሜ ሲገፉ ጤናቸውም ደስታቸውም የተሻለ መሆኑን ነው የሚነግረን። እሺ፣ እናምናለን። ግን መልካም ግንኙነት የሚባለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ላይ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ወሬ መሀል ምን ይመስላል?

ለዚህ መልስ ያገኘሁት ከሼሊ ጌብል ሥራዎች ነው። ጌብል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት። እሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች መልካም ወሬ ሲነገራቸው እንዴት እንደሚመልሱ አዩ። አንዳንዱ ይጓጓል፤ ይጠይቃል፤ አብሮ ይፈነድቃል። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ ግን አያወጣውም፤ ፈገግ ብሎ "ጥሩ ነው" ይልና ያበቃል። አንዳንዱ እንከኑን ይፈልጋል፦ "ሥራው አይበዛብሽም? ኃላፊነቱን ትችይዋለሽ?" ሌላው ደግሞ ጭራሽ አይሰማም፤ ወሬ ይቀይራል ወይም ስለ ራሱ ይጀምራል። ከመቀራረብ፣ ከመተማመንና በግንኙነቱ ደስተኛ ከመሆን ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እኔን ያሳዘነኝ ሁለተኛው ነው። ያ ዝም ብሎ ደስ የሚለው ሰው። አባቶቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ብዙ ባሎች፣ ብዙ ወንድሞች እንዲህ ናቸው። ልባቸው ሞቆ ፊታቸው አይናገርም። ልጅ የፈተና ውጤቱን ይዞ ሲመጣ "በርታ" ብለው ያልፋሉ፤ ማታ ግን ለጎረቤት እየደጋገሙ ይናገራሉ። ልጁ ያንን አይሰማም። "ከፍትፍቱ ፊቱ" የሚባለው ለእንግዳ ብቻ መሆን የለበትም። ደስታውን ይዞ የመጣ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው ፊታችንን ነው።

ሌላም አለ። ጌብል እ.ኤ.አ. በ2006 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆና ፍቅረኛሞችን አጠናች። አንዱ መጥፎ ነገር ሲነግረው ሌላው እንዴት መለሰ? መልካም ነገር ሲነግረውስ? ከሁለት ወር በኋላ የግንኙነታቸውን ሁኔታ ሲያዩ፣ ግንኙነታቸው እንዴት እንደሚሆን ይበልጥ ያመለከተው ለመልካሙ ወሬ የተሰጠው ምላሽ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። እኛ ወዳጅነትን የምንለካው በመከራ ቀን ነው። ቀብር መጣ ወይስ ቀረ? ሆስፒታል ጠየቀኝ ወይስ ረሳኝ? ትክክል ነው፣ ይህ መቅረት የለበትም። ግን የመከራ ቀን በዓመት ስንቴ ይመጣል? "ዛሬ አንድ ጥሩ ነገር ሆነልኝ" የሚለው ወሬ በየቀኑ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜም "እሺ" ተብሎ ይታለፋል።

እንከን ስለሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ክፋት የለባቸውም። ስለሚያስቡልን ነው። እናት ልጇ ሩቅ አገር ሥራ አገኘሁ ሲላት "ብርዱን ትችለዋለህ?" ብትለው ከፍቅር ነው። ስጋቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ስለ ሰዓቱ ነው። ብርዱ ነገም ይኖራል፤ ነገ ይነሳ። ዛሬ "የት ሆነህ ሰማህ?" ይባል።

## ጉራ እንዳይመስል

ከተናጋሪው በኩል ደግሞ ይሉኝታ አለ። "ደስ ብሎኛል" ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ጉራ ይመስለናል። ስለዚህ እናሳንሰዋለን፦ "አይ፣ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ነገር ናት።" የሚሰማውም ትንሽ ናት ስላልነው እንደ ትንሽ ያልፋታል። ከዚያ ማንም አልገባኝም ብለን እናዝናለን።

ጉራና ደስታን ማካፈል አንድ አይደሉም። ጉረኛ ከሰሚው የሚፈልገው መደነቅ ነው፤ ሰሚው ማንም ቢሆን ግድ የለውም። ደስታውን የሚያካፍል ሰው ግን ሰሚውን መርጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህም ነው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፍ ደስታ ብዙ ጊዜ የማያጠግበው። ብዙ ላይክ ይገኛል፤ ብዙ "እንኳን ደስ አለሽ" ይገኛል። "ስትወጪ ነበር ወይስ ስትወርጂ?" የሚል ግን ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ላይገኝ ይችላል። አትለጥፉ አልልም፤ እኔም እለጥፋለሁ። ግን ከመለጠፍ በፊት ለአንድ ሰው በድምፅ መንገር ሌላ ነገር ነው። ክሪስቶፈር ላንግስተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳየው፣ የገጠማቸውን መልካም ነገር ለሌላ ያካፈሉ ሰዎች ነገሩ ራሱ ካስገኘላቸው በላይ መልካም ስሜት አግኝተዋል። መንገር በደስታው ላይ ጨመረበት ማለት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። የምንነግረው ሰው ራሱ ሐዘን ላይ ቢሆንስ? ይህን በደንብ አስቤበታለሁ፤ የኔ ትምህርት ያለቀው አንዲት ጓደኛዬ ከሥራ በተቀነሰችበት ሰሞን ነበርና። መደበቅ እንዳለብኝ የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። አልደበቅኩም። ግን አልደወልኩላትም። ስልክ ቢሆን ወዲያው ድምፅዋን ማሳመር ይጠበቅባታል። መልእክት ጻፍኩላት፦ "ትምህርቴ አለቀ። ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው። አሁን መልስ አትስጪኝ፤ ስትፈልጊ ትጠይቂኛለሽ።" አንዲት ልብ ላከችልኝ፣ በቃ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረን በእግራችን ስንሄድ፣ ከየትም ሳታመጣው፣ "አሁን ንገሪኝ፤ ሁሉንም" አለችኝ። ነገርኳት። የራሷ ችግር ገና አልተፈታም ነበር። ቢሆንም ጠየቀችኝ። ደብቄያት ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይጎዳት እንደነበርም ነገረችኝ፤ ሰው ሲደብቅሽ "አንቺ ደስታ መስማት የማትችዪ ሰው ሆነሻል" እንዳለሽ ይቆጠራል አለች። ይህን ቃሏን አልረሳውም።

## ትንንሾቹ

ትልቅ ወሬ በየቀኑ የለም። ዲግሪ በየዓመቱ አያልቅም። ስለዚህ የዕለት ደስታ የሚባለው ነገር መፈለግ ያለበት ሌላ ቦታ ነው፤ ሊነገሩ የማይገቡ በሚመስሉት ትንንሽ ነገሮች ውስጥ። የጠፋ ቁልፍ ተገኘ። ሕፃኑ ሳይነቃ አደረ። አለቃዬ ዛሬ በስሜ ጠራኝ። ዝናቡ ቤት ከገባሁ በኋላ ጀመረ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንናገር ሰሚው ቢስቅ አይገርምም። ግን እነዚህም ከተጠየቁ ያድጋሉ።

አብሮ መሆን ብቻውን የሚሠራው ነገርም አለ። ኤሪካ ቡዝቢና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች ቸኮሌት ቀመሱ። ሌላ ሰው አብሯቸው ያንኑ ቸኮሌት ሲቀምስ፣ ምንም ሳይነጋገሩ፣ ይበልጥ ጣፈጣቸው። መራራውን ቸኮሌት ሲቀምሱት ደግሞ ይበልጥ አስጠላቸው። ስለዚህ አብሮ መሆን ሁለቱንም ያጎላል። ከማን ጋር ምን እንደምናጣጥም ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው። ሁልጊዜ አብሮን የሚያማርር ሰው ካለ፣ ምሬቱም በሁለታችን መሀል እየጎላ ነው።

አሁን ከሥራ ከተቀነሰችው ከዚያችው ጓደኛዬ ጋር አንድ ልማድ ጀምረናል። ማታ ማታ አንዳችን ለሌላችን በቀኑ ውስጥ ደስ ያለንን አንድ ትንሽ ነገር በድምፅ መልእክት እንላላካለን። የተቀበለችው አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥያቄው ግዴታ ነው፤ "ደስ ይላል" ብቻ ብሎ ማለፍ አይፈቀድም። በቅርቡ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ እንዳካፈለቻት ነገረችኝ። "በየትኛው በኩል ተቀመጥሽ፣ በመስኮቱ?" ብዬ ጠየቅኳት። በመስኮቱ በኩል ነበር፤ ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ነበረች፤ ሴትዮዋ ደግሞ እስከምትወርድ ድረስ ስለ ልጅ ልጇ አወራቻት። ይህን ሁሉ መጀመሪያ አልነገረችኝም። ባልጠይቃት ኖሮ እሷም ራሷ ሳታስበው ይቀር ነበር ብላኛለች።

ምንም ያልተገኘበት ማታም አለ። በዚያ ማታ "ዛሬ የለም" ትላለች፤ እኔም "እሺ፣ ደህና እደሪ" እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ እየተጨነቅን እንፈልግ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ማታ የምንናገረውን ስናስስ እንውላለን። ከዚያ የአይሪስ ማውስን ጥናት አነበብን፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የታተመው። ደስተኛ መሆንን ከልክ በላይ ግብ ያደረጉ ሰዎች፣ በተለይ ደስ ሊላቸው በሚገባ ሰዓት ላይ፣ ይበልጥ ቅር ይላቸዋል ይላል። ራሳቸውን እየለኩ ነውና። እኛም ያንን በራሳችን አይተነዋል። ስለዚህ ተስማማን፤ ከሌለ የለም፣ አይፈለግም። ዛሬ የእሷ ተራ ነው፤ መልእክቷ ገና አልመጣም።